ሃያ ሦስቱ የልብ ሐኪሞች

እስቲ ጆሮአችሁን ስጡኝ። የምተርክላችሁ ስለ ሃያ ሦስት ቀዶ ሐኪሞች ነው። አገራቸው የአሜሪካ ሰሜን ምሥራቅ ጫፍ ነው፤ ከካናዳ ጋር የሚዋሰኑት፣ ክረምት በገባ ቁጥር በረዶ የሚያለብሳቸው ሜን፣ ኒው ሃምፕሸርና ቨርሞንት የተባሉ ሦስት ግዛቶች። ሥራቸው የሰው ደረት ከፍቶ ልብ መጠገን ነው። እነዚህ ሰዎች አንድ ዘመን ላይ የሞቱባቸውን ሕሙማን አንድ በአንድ ቆጠሩ፤ ቆጥረውም አልደበቁ፣ ለጎረቤት ሆስፒታል አሳዩ፤ አሳይተውም አልተቀመጡ፣ ተነሥተው አንዱ የሌላውን ሥራ ሊያይ ሄደ። በዚህም ይሞቱ የነበሩ ሰዎች ድነው ቤታቸው ገቡ። ነገሩ እንዴት እንደሆነ ከሥሩ ልንገራችሁ። የማነሣቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ነገሩ የተጀመረው በ1986 ነው። የአሜሪካ መንግሥት ሜዲኬር በሚባለው ፕሮግራም የአረጋውያንን የሕክምና ወጪ ይከፍላል። ከፋይ ነውና ወረቀቱ ሁሉ እጁ ላይ አለ፤ ማን የት እንደታከመ፣ ማን እንደዳነ፣ ማን እንደሞተ ከወረቀቱ ያነብባል። በዚያ ዓመት ፕሮግራሙን የሚያስተዳድረው መሥሪያ ቤት በየሆስፒታሉ የሞተውን ሰው አሰልቶ ዝርዝሩን ለሕዝብ ለቀቀው። ጋዜጦች ተቀባበሉት፤ ሆስፒታሎች ተንጫጩ። በዝርዝሩ ላይ ከሁሉ የከፋ ሆኖ የወጣው ተቋም የሞት መጠኑ 87.6 በመቶ ነበር። ይህን የሰማ ሰው ምን ዓይነት ሐኪሞች ቢኖሩበት ነው ማለቱ አይቀርም። ተቋሙ ግን ሆስፒስ ነበር፤ ከእንግዲህ አይድኑም የተባሉ ሕሙማን የመጨረሻ ቀኖቻቸውን ያለ ሥቃይ እንዲያሳልፉ የሚያስታምም ቤት። ሊሞቱ የገቡ ሰዎች ሞቱ። ቁጥሩ እውነት ነበር፤ ከቁጥሩ የተነሣው ፍርድ ግን ሐሰት ነበር። ይህን ያዙልኝ፤ ወደፊት እንፈልገዋለን።

የልብ ቀዶ ሐኪሞችም ተቆጡ። «የእኔ ሕሙማን ከሌላው ሐኪም ሕሙማን የባሰባቸው ናቸው» አለ እያንዳንዱ። ይህ አባባል አንዳንዴ እውነት ነው። ሌሎች የፈሩትን በሽተኛ የሚቀበል ጎበዝ ሐኪም፣ ቀለል ያለውን እየመረጠ ከሚሠራው ይልቅ ብዙ ሞት ሊያይ ይችላል። ሸክም የተጫነች በቅሎና ባዶዋን የምትሄድ በቅሎ በመድረሻ ሰዓታቸው አይፈረድባቸውም። ነገር ግን ሁሉም ሐኪም «የእኔ ይብሳል» ሊል አይችልም፤ የሁሉም ሕሙማን ከሁሉም ሊብሱ አይችሉምና። ታዲያ ማን እውነቱን እንደተናገረ በምን ይታወቅ?

በእነዚያ ሦስት ግዛቶች የልብ ቀዶ ሕክምና የሚሰጡ አምስት ሆስፒታሎች ነበሩ። በፖርትላንድ ሜን ሜዲካል ሴንተር፣ በባንጎር ኢስተርን ሜን፣ በማንቸስተር ካቶሊክ ሜዲካል ሴንተር፣ በበርሊንግተን የቨርሞንቱ ሆስፒታል፣ አምስተኛው ደግሞ የዳርትመዝ-ሂችኮክ ማእከል። በገበያው ተፎካካሪዎች ናቸው፤ አንዱ ያጣው በሽተኛ ለሌላው ገቢ ነው። እንዲያም ሆኖ በ1987 በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀመጡ። የበሽታን ስርጭት በቁጥር የሚያጠናው የዳርትመዙ ጄራልድ ኦኮነር፣ ቀዶ ሐኪሞቹ ስቲቨን ፕሉምና ዊሊያም ኑጀንት፣ ሌሎችም ከየሆስፒታሉ የመጡ ሐኪሞች ነበሩ። የሰሜን ኒው ኢንግላንድ የልብና የደም ሥር ሕመም ጥናት ቡድን የተወለደው በዚህ ጊዜ ነው፤ ከእንግዲህ ሰሜኖቹ እላቸዋለሁ።

ቃል ኪዳናቸው የጠበቀ ነበር። ቀዶ ሕክምና የተደረገለት ሰው ሁሉ፣ አንድም ሳይዘለል፣ በተራው ይመዘገባል። ሐኪም «ይህን አታስገቡብኝ» ማለት አይችልም። የሁሉም ሆስፒታል ቅጽ አንድ ነው፤ «ድንገተኛ» የሚለው ቃል በባንጎር የሚይዘውን ትርጉም በበርሊንግተንም ይይዛል። መዝገቡንም ማንም ለማስታወቂያ አያውለውም። በዓመት ሦስት ጊዜ ተሰብስበው ውጤቱን ያያሉ።

ቀዶ ሕክምናው ባይፓስ የሚባለው ነው። የልብን ጡንቻ ራሱን የሚመግቡት ቀጫጭን የደም ቧንቧዎች በስብ ሲደፈኑ፣ ሐኪሙ ከእግር የደም ሥር ወይም ከደረት ውስጠኛ ግድግዳ ቧንቧ ወስዶ ከተደፈነው ስፍራ ማዶ ይቀጥለዋል። ይህ ሲሠራ ልብ እንድትቆም ይደረጋል፤ ደሙን እያጣራ በኦክስጅን እየሞላ የሚያዘዋውረው የልብ-ሳንባ ማሽን ነው። ሰውዬው ለሰዓታት ሕይወቱን ለማሽንና ማሽኑን ለሚቆጣጠረው ባለሙያ ይሰጣል። ከዚያ ልቡ እንደገና ትመታለች፤ አለዚያም አትመታም።

በቅጹ ላይ የሚጻፈው ምን ነበር? የሕመምተኛው ዕድሜ፣ ጾታና የሰውነት ስፋት። ልቡ ደም የመርጨት አቅሟ ምን ያህል እንደቀረ። ስኳር እንዳለበት፣ ኩላሊቱ እንደደከመ፣ ከዚህ በፊት ደረቱ ተከፍቶ እንደሆነ። በቀጠሮ መጣ ወይስ በሌሊት እየሮጡ አመጡት? በመጨረሻም አንድ ጥያቄ፤ ከሆስፒታል በሕይወት ወጣ ወይስ ሞተ?

አሁን ሒሳቡን ልንገራችሁ፤ የነገሩ ብልት ያለው እዚህ ላይ ነውና። በሺሕ የሚቆጠር ሰው በዚህ መልክ ከተመዘገበ በኋላ የስታቲስቲክስ ባለሙያው መዝገቡን ይጠይቀዋል፤ ዕድሜ ሲጨምር ሞት በስንት ይጨምራል? የደከመ ኩላሊት ስንት ይጨምርበታል? ድንገተኛ መሆኑስ? ከዚያ ለእያንዳንዱ ሕመምተኛ የራሱ ግምት ይወጣለታል፤ እንዲህ ያለ ሰው ከመቶ ስንት ጊዜ ይሞታል የሚል። የአንድ ሐኪም ሕሙማን ግምት ሲደመር ደግሞ ስንት ሰው ይሞትበታል ተብሎ እንደሚጠበቅ ይታወቃል። እንግዲህ ሁለት ሐኪሞችን በምሳሌ እናስብ። ሁለቱም መቶ መቶ ሰው ሠርተዋል። በመጀመሪያው እጅ አምስት ሞቱ፤ በሁለተኛው ሦስት። ላይ ላዩን የሚያይ ሰው ሁለተኛውን ይመርጣል። ነገር ግን የመጀመሪያው ሕሙማን ክፉኛ የታመሙ ስለነበሩ ሰባት ይሞታሉ ተብሎ ይጠበቅ ነበር፤ የሁለተኛው ሕሙማን ገና ጠንካሮች ስለነበሩ የተጠበቀው ሁለት ብቻ ነበር። የመጀመሪያው ሐኪም ሁለት ሰው አተረፈ፤ ሁለተኛው ሊድን የሚችል አንድ ሰው አጣ። ያ የ1986ቱ ዝርዝር የሕሙማኑን ሕመም ክብደት በሚገባ አላሰላም ነበር፤ ሆስፒሱን ያስወነጀለውም ይህ ጉድለት ነው።

ሰሜኖቹ የመጀመሪያ ውጤታቸውን በ1991 አወጡ። 3,055 ሕሙማን ተመዝግበው ነበር። በአጠቃላይ ከመቶ 4.3 ሞተዋል። በሆስፒታል ሲከፈል ዝቅተኛው 3.1፣ ከፍተኛው 6.3 በመቶ። በሐኪም ሲከፈል ደግሞ ልዩነቱ ይሰፋል፤ ከ1.9 እስከ 9.2 በመቶ። አሁን ሁሉም ዓይን ወደ ሒሳቡ ዞረ። የሕሙማኑ ሕመም ክብደት ሲታሰብ ልዩነቱ ይጠፋል ብለው የጠበቁ ነበሩ። አልጠፋም። የሕሙማኑ ሁኔታ ከተስተካከለ በኋላም በሆስፒታሎቹ መካከል፣ በሐኪሞቹም መካከል ልዩነቱ ቆሞ ቀረ። «የእኔ ይብሳል» የሚለው መልስ አበቃ። አንድ ሰው ቤቱ ለየትኛው ሆስፒታል እንደሚቀርብ፣ ሪፈር ወረቀቱ ለየትኛው ሐኪም እንደሚጻፍ በመኖርና በመሞቱ ላይ ድርሻ እንዳለው መዝገቡ መሰከረ። ሒሳቡ ግን ምክንያቱን አልተናገረም። በየቀዶ ሕክምና ክፍሉ ውስጥ የተለየው ነገር ምን እንደሆነ ቅጹ ላይ የተጻፈ ነገር የለም።

እዚህ ላይ ትንሽ ወደ ኋላ ልመለስ፤ የአንድ ሰው ስም ሳላነሣ ማለፍ ግፍ ይሆንብኛልና። ከእነዚህ ግዛቶች በመኪና ጥቂት ሰዓት በሚወስደው ቦስተን፣ በሃያኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ላይ ኧርነስት ኮድማን የሚባሉ ቀዶ ሐኪም ነበሩ። ለእያንዳንዱ ሕመምተኛ ካርድ አወጡ፤ ምን ታሞ ገባ፣ ምን ተደረገለት፣ ከዓመት በኋላስ እንዴት ሆነ? ሆስፒታሎች ሁሉ ይህን አድርገው ውጤታቸውን ለሕዝብ ያውጡ ብለው ሞገቱ። ባልደረቦቻቸው ጠሏቸው። በ1914 ከታላቁ የማሳቹሴትስ ጄኔራል ሆስፒታል ወጡ። ቀደም ብለው በከፈቱት በራሳቸው ትንሽ ሆስፒታል ከ1911 እስከ 1916 የወጡላቸውን 337 ሕሙማን ዘገቡ፤ የተሠሩትንም 123 ስሕተቶች በገዛ እጃቸው አትመው በተኑ። በ1940 ሞቱ። መቃብራቸው ላይ ስማቸው የተጻፈበት ድንጋይ የቆመው በ2014 ነው፤ ሰባ አራት ዓመት ቆይቶ። የሰሜኖቹ ሐኪሞች ያደረጉት ኮድማን የለመኑትን ነው።

ወደ ታሪካችን እንመለስ። ልዩነቱ ታወቀ፤ ምን ይደረግ? ከምዕራባቸው ያለው የኒው ዮርክ ግዛት ሌላ መንገድ ይዞ ነበር። የጤና ኮሚሽነሩ ዴቪድ አክስልሮድ በ1989 የልብ ቀዶ ሕክምና መዝገብ አስጀመሩ፤ ኤድዋርድ ሃናን የተባሉት ባለሙያ ሒሳቡን ሠሩ፤ የየሆስፒታሉም ውጤት በ1990 መጨረሻ ለሕዝብ ወጣ። ኒውስዴይ ጋዜጣ በዚህ አልረካም። የእያንዳንዱ ሐኪም ውጤት በስሙ ይሰጠኝ ብሎ መንግሥትን ከሰሰ፤ በ1991ም ረታ። ሐኪሞች ማለዳ ጋዜጣ ገዝተው ስማቸውን ከነደረጃው አነበቡ። ምን ያህል እንደደነገጡ መገመት አያቅትም። ይሁንና ከ1989 እስከ 1992 ባለው ጊዜ የሕመም ክብደት የታሰበበት የሞት መጠን ከ4.17 ወደ 2.45 በመቶ ወረደ። ይህ ትልቅ ነገር ነው።

ከኒው ዮርክ ታሪክ ውስጥ አንዱን ብቻ ላንሣ። በኦልባኒ ከተማ ያለው ሴንት ፒተርስ ሆስፒታል ውጤቱ መጥፎ ሆኖ ወጣ። ሰዎቹ መዝገባቸውን ሲበረብሩ በቀጠሮ የሚሠሩት ሕሙማን ደኅና ናቸው፤ የሚሞቱባቸው በድንገት የሚመጡት ናቸው። በ1992 ከ42 ድንገተኛ ሕሙማን 11 ሞተዋል። ለምን? በልብ ድካም ሞት አፋፍ ላይ ያለውን ሰው እየሮጡ ወደ ቀዶ ሕክምና ያስገቡት ነበር። ልማዱን ለወጡ፤ መጀመሪያ ደም ግፊቱን ያረጋጋሉ፣ ልቡን የሚያግዝ መሣሪያ ያስገቡለታል፣ ከዚያ ይሠሩታል። በ1993 ድንገተኛ ሆነው ከመጡት 54 ሕሙማን አንድም አልሞተም። ሐኪሞቹ አልተለወጡም፤ ቢላውም ያው ነው። ከመዝገቡ በፊት ግን የትኞቹ ሕሙማን እንደሚሞቱባቸው አላወቁም ነበር።

በሌላ በኩል ስም ማውጣት የሚያስከትለው ሥጋት ነበረ። ስሜ በጋዜጣ ይበላሻል ብሎ የፈራ ሐኪም ክፉኛ የታመመውን ሰው «አልሠራውም» ይለዋል ተባለ፤ ክርክሩ እስካሁን አላለቀም። የሕሙማኑን ሕመም ከእውነቱ አክብዶ መጻፍም አለ፤ የሚጠበቀው ሞት ከፍ ሲል የሐኪሙ ውጤት ያምራልና።

ሰሜኖቹ ወደ ጋዜጣ አልሄዱም። ከ1990 እስከ 1991 ባሉት ወራት ሦስት ነገር አደረጉ። ውጤቱን ለእያንዳንዱ ሐኪም መለሱለት። የሥራ አካሄድን ደረጃ በደረጃ መርምሮ ማሻሻልን፣ ፋብሪካዎች የሚማሩትን ትምህርት፣ ተቀምጠው ተማሩ። ሦስተኛው ነገር እኔን ከሁሉ የሚደንቀኝ ነው፤ ተጎበኛኙ። የባንጎሩ ቡድን ወደ ፖርትላንድ፣ የፖርትላንዱ ወደ ሌላው እያለ ዞረ። ቀዶ ሐኪሙ ብቻ አይደለም የሚሄደው፤ ማደንዘዣ የሚሰጠው፣ ማሽኑን የሚያንቀሳቅሰው፣ ነርሷም ይሄዳሉ። ሄደው ጥግ ይዘው ቆመው ያያሉ።

የዚህን ክብደት ለመረዳት የቀዶ ሐኪምን ኑሮ ማሰብ ያስፈልጋል። ቀዶ ሐኪም ሙያውን ከመምህሩ እጅ ተምሮ፣ አንዴ ራሱን ከቻለ በኋላ ሌላ ቀዶ ሐኪም ሲሠራ ቆሞ የሚያይበት አጋጣሚ የለውም ማለት ይቻላል። በራሱ ክፍል እሱ አለቃ ነው። ሃያና ሠላሳ ዓመት በአንድ መንገድ ይሠራል፤ ከተራራው ማዶ ያለው ጓደኛው በሌላ መንገድ እንደሚሠራ አያውቅም። አሁን ግን ተፎካካሪው መጥቶ ከጀርባው ቆመ። እሱም በተራው ሄዶ ከተፎካካሪው ጀርባ ቆመ። በሦስቱ ግዛቶች የሚሠሩት ቀዶ ሐኪሞች በሙሉ፣ ሃያ ሦስቱም፣ አንድ ሳይቀሩ በዚህ ገቡ። የሞት መጠኑ ከፍተኛ የሆነውም ዝቅተኛ የሆነውም። ይህን የመሰለ ትሕትና በሙያ ሰዎች ዘንድ ብዙ አይገኝም፤ ስለዚህም ነው ታሪካቸውን የምናገረው።

ከዚያ በኋላ 6,488 ሰዎች ባይፓስ ተሠራላቸው። ሒሳቡ ይሞታሉ ብሎ ከጠበቃቸው ውስጥ 74ቱ አልሞቱም። የሞት መጠኑ 24 በመቶ ቀነሰ። ሰባ አራቱ እነማን እንደሆኑ ማንም በስም ሊጠራቸው አይችልም፤ ራሳቸውም አያውቁም። ዘገባው በ1996 በአሜሪካ ሕክምና ማኅበር መጽሔት ላይ ወጣ።

በዚህም አልቆሙም። ከ1990 እስከ 1995 ከሠሩላቸው 8,641 ሕሙማን 384 ሞተው ነበር። የ384ቱንም ካርድ እያወጡ፣ ይህ ሰው የሞተው በምንድን ነው እያሉ አነበቡ። ደም ፈሶት ነው? ስትሮክ መትቶት? ኢንፌክሽን ገብቶበት? ከመቶ 65ቱን የገደለው የልብ ድካም ሆኖ ተገኘ፤ ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ልብ ደም መግፋት አቅቷት ማለት ነው። በሐኪሞቹ መካከል ለነበረው ልዩነትም ትልቁን ድርሻ የያዘው ይኸው ነበር። እንግዲህ ልብ በቆመችበት ሰዓት እንዴት ትጠበቅ የሚለው ጥያቄ ከፊት መጣ። መዝገቡን ደጋግመው ሲጠይቁት ሌላም ሌላም ነገራቸው፤ አስፕሪን እስከ ቀዶ ሕክምናው የወሰዱ ሕሙማን የተሻለ እንደሚድኑ፣ ከደረት ግድግዳ የተወሰደው ቧንቧ ገና በሆስፒታል ሳሉ ከሚደርስ ሞት ጭምር እንደሚጠብቅ፣ በማሽኑ ላይ ሳሉ ደማቸው ከልክ በላይ የሚቀጥን ሰዎች ብዙ እንደሚሞቱ። ይህ የመጨረሻው በተለይ ሰውነታቸው አነስተኛ የሆነ ሴቶችን ይጎዳል፤ ማሽኑን የሚሞላው ፈሳሽ ያው ሆኖ የእነርሱ ደም ጥቂት ነውና። አንድ ሐኪም በዕድሜው ሙሉ ሠርቶ ይህን በዓይኑ ብቻ ሊያየው አይችልም። በሺሕ የሚቆጠር ሰው መዝገብ ሲደረደር ነው የሚታየው።

አሁን ደግሞ መዝገብ እያለ ያልተጠየቀበትን ቦታ ልንገራችሁ፤ ይህኛው ያሳዝናል። እንግሊዝ አገር፣ ብሪስቶል ከተማ ነው። በ1988 ስቲቨን ቦልሲን የሚባሉ ማደንዘዣ ሐኪም ወደ ብሪስቶል ሮያል ኢንፈርመሪ መጡ። የሕፃናት ልብ ቀዶ ሕክምናው ከለመዱት በጣም ይረዝምባቸዋል፤ የሚሞቱትም ሕፃናት በዙባቸው። መቁጠር ጀመሩ። የቆጠሩትን ለአለቆች አሳዩ፤ ሰሚ አጡ። ቀዶ ሕክምናው እስከ 1995 ቀጠለ። በኋላ በኢያን ኬኔዲ የተመራው የምርመራ ጉባኤ በ2001 ባወጣው ዘገባ፣ ከ1991 እስከ 1995 ባለው ጊዜ አንድ ዓመት ካልሞላቸው ሕፃናት መካከል፣ በሌላ ሆስፒታል ቢታከሙ ኖሮ ከሚጠበቀው በ30 እስከ 35 የሚበልጡ ሕፃናት መሞታቸውን አረጋገጠ። ቁጥሩ በሆስፒታሉ ውስጥ ነበር። በመሳቢያ ውስጥ፣ በኮምፒዩተር ውስጥ፣ በየሐኪሙ ማስታወሻ ውስጥ ነበር። ቦልሲን አገር ለቀው አውስትራሊያ ገቡ። ስለዚህ ሰሜኖቹ ውጤታቸውን በመካከላቸው ይዘው መሥራታቸውን ባደንቅም፣ ዝግ በር ሁሉ መልካም ነው አልልም። በሜን በሩን ዘግተው የተቀመጡት ሰዎች ሥራ ላይ ነበሩ፤ በብሪስቶል በሩ የተዘጋው በወላጆች ላይ ነበር።

አውሮፓውያንም የራሳቸውን ሚዛን ሠሩ። በ1995 ከስምንት አገሮች፣ ከ128 ማእከላት ወደ ሃያ ሺሕ የሚጠጉ ሕሙማን ተመዘገቡ፤ ከዚያም ሳመር ናሽፍና ፍራንስዋ ሮክ ከባልደረቦቻቸው ጋር ሆነው በ1999 ዩሮስኮር የሚባለውን የነጥብ ስሌት አወጡ። ማንኛውም ሐኪም በሕመምተኛው አልጋ አጠገብ ቆሞ ሊደምረው ይችላል። ዕድሜ ከ60 ሲያልፍ በየአምስት ዓመቱ አንድ ነጥብ፤ ሴት ብትሆን አንድ፤ ከዚህ በፊት ልቡ ተሠርቶ ከሆነ ሦስት፤ እንዲህ እያለ ይደመራል። ጥሩ መሣሪያ ሆነ። ግን አረጀ። ሕክምናው እየተሻሻለ ሲሄድ ስሌቱ ከሚሞተው በላይ ሞት መተንበይ ጀመረ፤ በአሮጌ ሚዛን የተመዘነ ሐኪም ሁሉ ጎበዝ መስሎ ታየ። ስለዚህ በ2010 ከ43 አገሮች ከ22,000 በላይ ሕሙማን እንደገና ተመዝግበው ሁለተኛው ዩሮስኮር ተሠራ። ሚዛን በየጊዜው መታደስ አለበት፤ የሚታደሰውም በአዲስ ሕሙማን መዝገብ ነው።

ይህን ሁሉ ያልኩት ወደ እኛ ቤት ለመምጣት ነው። ዩሮስኮር የተሠራው በአብዛኛው ዕድሜያቸው በገፋ፣ የልባቸው ቧንቧ በተደፈነ አውሮፓውያን ላይ ነው። በእኛ አገር ወደ ልብ ቀዶ ሕክምና የምትሄደው ግን ብዙ ጊዜ ወጣት ናት። በልጅነቷ ጉሮሮዋን ታመመች፣ በወቅቱ ፔኒሲሊን አላገኘችም፣ መገጣጠሚያዋን የሚያሳብጥ ትኩሳት መጣባት፣ ከዚያ የልቧ ቫልቭ ተበላሸ። የሩማቲክ የልብ ሕመም ይባላል። ለእሷ ከ60 ዓመት በላይ የሚቆጠር ነጥብ ምኗም አይደለም።

ለእሷ የሚሆን መዝገብ ጀማሪዎች አሉ። በኬፕታውኑ ሐኪም በቦንጋኒ ማዮሲ መሪነት ሬሜዲ የተባለው መዝገብ ከ2010 እስከ 2012 በ14 አገሮች፣ በ25 ሆስፒታሎች 3,343 የሩማቲክ ልብ ሕሙማንን መዘገበ። ኢትዮጵያ ከአሥራ አራቱ አንዷ ነበረች፤ የእኛ ሐኪሞችና የእኛ ሕሙማን በዚያ መዝገብ ውስጥ አሉ። የሕሙማኑ መካከለኛ ዕድሜ 28 ዓመት ነው፤ ከመቶ 66ቱ ሴቶች ናቸው። በሁለት ዓመት ውስጥ 500 ሞቱ፤ መኖር መሞታቸው ከታወቀው ሕሙማን 16.9 በመቶ። የሟቾቹ መካከለኛ ዕድሜ 28.7 ዓመት። ደም የሚያቀጥን መድኃኒት ከሚያስፈልጋቸው መካከል ደማቸው በሚፈለገው ልክ ሆኖ የተገኘው 28.3 በመቶ ብቻ ነበር። ይህ ቁጥር ከመመዝገቡ በፊት የየሐኪሙ ሐዘን ነበር፤ ከተመዘገበ በኋላ ግን ለጤና ሚኒስትር የሚቀርብ ማስረጃ ሆነ።

በአዲስ አበባ በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ግቢ የልብ ማእከሉ በ2009 ሥራ ጀምሯል። ከመሥራቾቹ ዋነኛው ዶክተር በላይ አበጋዝ ናቸው፤ ሕዝቡም በሳንቲም በብሩ ያዋጣበት ነው። ከዚያ ወዲህ የልብ ቀዶ ሕክምና በአገር ውስጥ መሰጠት ጀምሯል፤ ወደ እስራኤል፣ ወደ ሕንድ፣ ወደ ሌላም አገር ሄደው የሚታከሙ ልጆችም አሉ። ወረፋው ግን ረጅም ነው። በወረፋው ውስጥ ማን ይቅደም የሚለው ጥያቄ ከባድ ፍርድ ነው። ይህን ፍርድ ሐኪም በግምት እንዲሰጥ መተው ለእሱም ለሕመምተኛዋም ግፍ ነው። ከእኛው ሕሙማን መዝገብ የተሠራ ሚዛን ያስፈልገዋል። ቫልቭ የተቀየረላት ወጣት ከዓመት በኋላ በሕይወት አለች? መድኃኒቷን ታገኛለች? ወልዳ እንደሆነስ? ሰሜኖቹ አምስት ሆስፒታሎች ሲጀምሩ የነበራቸው አንድ ዓይነት ቅጽና አንድም ሰው ላለመዝለል የተገባ ቃል ነው። ይህ ከማሽን ዋጋ ጋር ሲነጻጸር ምንም አይደለም። የልብ ቀዶ ሕክምና የሚሰጡ ሆስፒታሎቻችን ተሰብስበው በአንድ ቅጽ ይስማሙ፤ በዓመት ጥቂት ጊዜ ቁጥራቸውን ይዘው ይገናኙ፤ ከዚያ አንዱ የሌላውን ቀዶ ሕክምና ክፍል ሄዶ ይይ። መዝገቡን የሚሞላው ሰውም ደመወዝ ይቆረጥለት፤ ይህ ሥራ ከሌሊት ተረኛ ሐኪም ትከሻ ላይ ተጭኖ ለዓመታት ሊዘልቅ አይችልም።

ለእናንተም አንድ ነገር አለኝ፤ በቤታችሁ ልቡ የተሠራለት ሰው ላላችሁ። መዝገቦችን ሁሉ የሚያደክማቸው ታክሞ ከወጣ በኋላ የሚጠፋ ሰው ነው። ኖረ ወይስ ሞተ ሳይታወቅ የቀረ ሰው ለቀጣዩ ሕመምተኛ ሊያስተምር የሚችለው ነገር አብሮት ይጠፋል። ከወር ወይም ከዓመት በኋላ ከሆስፒታል ስልክ ተደውሎ «ልጅቷ እንዴት ናት?» ስትባሉ፣ ደኅና ብትሆንም መልሱ፤ እግዜር አይበለውና ብታልፍም ቀኑንና የሆነውን ንገሩ። ስልክ ቁጥር ስትቀይሩ፣ ቀበሌ ስትለቁ፣ ለሆስፒታሉ ካርድ ክፍል አስታውቁ።